የጎደለው አራት መቶ ሚሊግራም

ሰኞ 3

የሥራ ደብተሬን ሰው ያነበዋል። ይሄኛውን ማንም አያነበውም፤ ስለዚህ እዚህ ላይ እንዳመጣልኝ እጽፋለሁ።

ዛሬ ገና ኮቴን ሳላወልቅ ኃላፊያችን አስጠሩኝ። እኛ በሌሉበት «ዶክተር ቶሎ» ነው የምንላቸው፤ ሰላምታ እንኳን እየተራመዱ ነው የሚሰጡት። «ገምጋሚዎቹ በሚቀጥለው ወር በ4 ይመጣሉ» አሉኝ። «በክፍል ሙቀት ማግኔት ሆኖ የሚቆይ ናሙና ካላሳየናቸው ላቦራቶሪው ይዘጋል። አንተም፣ እህትህም፣ እኔም ወደየቤታችን። ቶሎ በል እንግዲህ።»

ቶሎ በል ማለት ቀላል ነው። ክሮሚየምና ቴሉሪየም መዝነን ኳርትዝ የሚባል፣ እሳት የሚችል የመስታወት ቱቦ ውስጥ እንጨምራለን። አየሩን በፓምፕ እናወጣለን። እህቴ የቱቦውን አፍ በእሳት አቅልጣ ትደፍነዋለች፤ ከዚያ ዘጠኝ መቶ ዲግሪ ምድጃ ውስጥ ሦስት አራት ቀን ይቀመጣል። የሚወጣው ጥቁር አብረቅራቂ ነገር ማግኔት መሆኑስ ማግኔት ነው፤ ግን ከበረዶ ነጥብ በታች ዘጠና ዲግሪ ካላቀዘቀዝከው ማግኔትነቱ የለም። ክሮሚየሙ በዛ ያለበት ዓይነት ነው ሙቀት የሚችለው። «ታዲያ ክሮሚየም ጨምሩበት» ይሉናል። ጨመርን። የተጨመረው አልዋሃድ ብሎ ለብቻው አመድ መስሎ ቀረ። ሁለት ዓመት ሙሉ እንዲሁ እንደተኳረፍን አለን።

ረቡዕ 5

ስድስተኛውን ቱቦ እትዬ ደፈነችው። እትዬ ታላቅ እህቴ ናት፤ በአሥራ አራት ዓመት ትበልጠኛለች። እናታችን ስትሞት አምስት ዓመቴ ነበር። ጠርሙስ ፋብሪካ እሳት ፊት ቆማ እየሠራች አሳደገችኝ፣ አስተማረችኝ። በኋላ እኔ እዚህ አስቀጠርኳት። ሁሉም ሰው፣ ዶክተር ቶሎ ሳይቀሩ፣ «እትዬ» ነው የሚላት። እዚህ አሥራ አምስት ዓመት ስትሠራ የደፈነችው ቱቦ አፈሰሰ ሲባል ሰምቼ አላውቅም።

ግድግዳው ላይ ያለውን ማስጠንቀቂያም በትልልቅ ፊደል የጻፈችው እሷ ናት፦ «ቴሉሪየም ቅንጣት እንኳን ሰውነት ውስጥ ከገባ ትንፋሽ ነጭ ሽንኩርት ይሸታል። ለሳምንታት አይለቅም። የሸተተው ሥራ ያቁም፣ ይናገር።»

ልጄ ሚጡ ከትምህርት ቤት መጥታ እንደ ልማዷ ከአክስቷ ጎን፣ ሁለተኛው ምድጃ አጠገብ የቤት ሥራዋን ሠራች። ሰባት ዓመቷ ነው። ሕንፃው በሙሉ ብርድ ነው፤ የሚሞቀው ያ ክፍል ብቻ ነው። ደንቡ ልጅ አይግባ ይላል። ባለቤቴ ግን ነርስ ናት፣ ከሰዓት ተረኛ ናት፤ የት ላድርጋት? ጥበቃውም ሲያያት ፊቱን ያዞርልኛል።

ማክሰኞ 11

ስድስተኛውን ቱቦ ሰበርኩት። ጥቁሩን ነገር በመቆንጠጫ አንስቼ ወደ ማግኔቱ ሳስጠጋው ከእጄ ነጥቆኝ ጥርቅም! በክፍል ሙቀት! «እትዬ!» ብዬ ጮህኩ። ሮጣ መጥታ እንደ ልጅነቴ አናቴን መታችኝ። «እንኳን ደስ ያለህ አንተ ወስላታ! አልኩህ አይደል?» ሁለታችንም ዓይናችን እንባ አቀረረ።

ከዚያ ናሙናውን ከነስባሪዎቹ ሰብስቤ ክብደቱን አየሁ። የተደፈነ ቱቦ ስታስገባውም ስታወጣውም ክብደቱ ያው ነው፤ ወዴት ይሄዳል? ይሄኛው አራት መቶ ሚሊግራም ጎድሎታል። ሚዛኑ ነው ብዬ ደግሜ መዘንኩ። ሌላ ሚዛን ላይ መዘንኩ። ያው አራት መቶ።

የተሰበረውን አፍ በአጉሊ መነጽር ሳየው ዙሪያውን አረንጓዴ ቅርፊት ይዟል። አየር ያገኘ ክሮሚየም ነው እንዲህ አረንጓዴ የሚሆነው። ቅርፊቱን ስፍቀው ከሥሩ ፀጉር የምታህል ቀዳዳ አለች።

እትዬ ከኋላዬ መጥታ፣ «ድፍኑ እንዴት ነው? ደህና ነው?» አለችኝ።

«እንደ ድሮሽ ነሽ» አልኳት። ስባሪውን ኪሴ ከተትኩት።

ደስታዋን ላበላሽባት አልፈለግኩም። ለአንድ ቀን ብቻ። ነገ እነግራታለሁ።

ሐሙስ 13

አልነገርኳትም። ጊዜ አልነበረም።

ኮሪደር ላይ የጽዳት ሠራተኛዋ ለጥበቃው ስትነግረው ሰማሁ፦ «እትዬ እኮ ዘንድሮ መርፌ ውስጥ ክር ማስገባት አቅቷቸዋል። ትናንት እኔን ‹አስገቢልኝ› አሉኝ።» ጥበቃው፣ «እኔንም ከሩቅ ሲያዩኝ ዶክተሩ እየመሰልኳቸው ቀጥ ብለው ይቆማሉ» ብሎ ሳቀ።

ሁሉም ሰው ያረጃል እንግዲህ። ምን ይደረግ።

ዓርብ 14

ሌላ ጣጣ። የማግኔት መለኪያው ከምድጃው ክፍል ቀጥሎ ነው ያለው። የምድጃው ክፍል ጭስ መምጠጫ ሲዞር ግድግዳው ይንቀጠቀጣል፤ መለኪያው የማይሆን ቁጥር ይሰጠኛል። መምጠጫውን አጠፋሁት። የማጠፋው ለመለኪያ ሰዓት ብቻ ነው። ከሰዓት በኋላ ብቻ።

ሰኞ 17

ከሰባተኛው እስከ አሥረኛው ያሉት ቱቦዎች ወጡ። ሁለቱ በክፍል ሙቀት ማግኔት ናቸው፤ ሁለቱ አይደሉም።

ማግኔት የሆኑት የጎደላቸው ናቸው። ሦስት መቶ ሰማንያ፣ አራት መቶ አሥር። ያልሆኑት ምንም አልጎደላቸውም።

ነገሩ እንግዲህ ፍንትው ያለ ነው። ትርፍ ክሮሚየም ጨምረን እንቢ ያለን ነገር ቴሉሪየሙ ቀስ ብሎ ሲቀነስለት በገዛ ፈቃዱ ይስተካከላል። ሁለት ዓመት የተዘጋ በር ስንገፋ ኖረናል ማለት ነው። እንዴት ያለ ውብ ነገር ነው! ይሄን ጽፌ ባወጣው ስሜ ይጠራል። ቀዳዳ ያለው ቱቦ ነው ብዬ ግን እንዴት አወጣዋለሁ? የማን ቀዳዳ ነው ይሉኛል። የማን ነው እላለሁ?

በሥራ ደብተሩ ላይ «ክብደት፦ አልተለወጠም» ብዬ ጻፍኩ። ስሜንም ፈረምኩበት።

የተቀነሰው ቴሉሪየም የሆነ ቦታ ገብቷል። አየር አግኝቶ፣ ነጭ አቧራ ሆኖ የምድጃው ግድግዳ ላይ ይሆናል። አዎ፣ እዚያ ነው የሚሆነው።

ረቡዕ 19

ባለቤቴ ራት ላይ፣ «አንተ፣ እህትህ ጉንፋን ይዟታል እንዴ? ባለፈው ስትስመኝ የነጭ ሽንኩርት ሽታ ፊት ለፊት ገጨኝ» አለች።

«ለጉንፋን ብላ ነው» አልኩ።

«ጥሬውን ነው የምትቆረጥመው?»

«እኔ ምን አውቃለሁ? ጠይቂያት።» ድምፄ ከፍ ብሎ ነበር መሰለኝ፤ ሚጡ ማንኪያዋን አስቀምጣ አየችኝ።

እሑድ 23

ዛሬ ትንሽ ልጽፍ። ሆዴ ውስጥ ያለውን የት ላድርሰው?

እትዬ ለምሳ ቤታችን መጥታ ነበር። ስታወራ የሻርፗን ጫፍ አፏ ላይ ታደርጋለች። ሁለት ጊዜ ከምግቡ ላይ ተነሥታ ተቀመጠች። ከስታለች። ሚጡ እላይዋ ላይ ስትወጣባት ፊቷን ዞር ታደርጋለች፤ ልጄ ደግሞ ጨዋታ መስሏት ይብሱን ፊቷን ትፈልጋታለች።

ሳህን ልናጥብ ማድ ቤት ብቻችንን ስንቀር፣ «አፌ ውስጥ ሁልጊዜ ሳንቲም ያለ ይመስለኛል» አለችኝ። «ራሴን ያመኛል። አውቶቡስ ላይ አንዲት ወጣት ከአጠገቤ ተነሥታ ቆመች። ባዶ ወንበር ትታ እኮ ነው! እኔ ነኝ እንዲህ የምሸት? በቀን ሦስቴ ጥርሴን ታጥቤ?»

ሳህኑን ማድረቄን ቀጠልኩ። የደረቀውን ሳህን።

«አንተ ልጅ፣ እውነቱን ንገረኝ» አለች። «እየደፈንኩት ነው ወይስ አላየውም? ዓይኔ እንደ ዱሮው አይደለም። ቱቦው ካፈሰሰ ንገረኝ፤ አልቀየምህም። እጄን አጥፌ እቀመጣለሁ እንጂ ሰው አልጎዳም።»

ይኸው፣ በሩን ከፍታ ሰጠችኝ። አንድ ቃል ነበር የሚበቃው።

«እትዬ ሙች፣ አንድም አላፈሰሰም» አልኳት። «ጉንፋን ነው። የዘንድሮ ጉንፋን ክፉ ነው።»

ትከሻዋ ሲወርድ አየሁት፤ እፎይ አለች። «አንተ ደህና ነው ካልክ ደህና ነው» አለች።

ብነግራት ሥራዋን በዚያው ቀን ትተዋለች። አውቃታለሁ፤ ቅስሟ ይሰበራል። ጡረታዋ ሁለት ዓመት ነው የቀረው። ቤት ውላ ምን ትሠራለች? ስለዚህ ዝም ያልኩት ለእሷ ብዬ ነው። ለእሷ ብዬ ነው። ሁለት ጊዜ ጻፍኩት መሰለኝ፤ ይሁን፣ አይሰረዝም። ደግሞስ የገምጋሚዎቹ ጉዳይ አሥራ አንድ ቀን ነው የቀረው። ካለፈ በኋላ ቱቦዎቹን በሙሉ እኔ ራሴ አያለሁ፣ መምጠጫውም ይሠራል፣ እሷም ትታከማለች። አሥራ አንድ ቀን።

የግድግዳው ማስጠንቀቂያ ላይ የሥራ ካፖርቴን መስቀል ጀምሬአለሁ። ሌላ መስቀያ ስለሌለ ነው።

ማክሰኞ 25

ከሰዓት ምድጃው ክፍል ስገባ ሚጡ፣ «አባዬ ስሜን አየኸው?» አለችኝ። በሁለተኛው ምድጃ አፍ ዙሪያ፣ መደርደሪያውም ላይ፣ ነጭ አቧራ ተኝቷል። ስሟን በጣቷ ጽፋበታለች፤ ከሥሩም ድመት ሥላለች። ጣቷን ምላሷ ላይ አርጥባ ጅራቱን አሳመረችው።

«ተይ!» ብዬ ስጮህ ደነገጠች። በእጅጌዬ ሁሉንም ጠረግኩት።

«ምንድን ነው?» አለች እትዬ ካለችበት።

«ኖራ ነው። ከጣሪያው የሚረግፍ ኖራ።»

ሚጡ ቀና ብላ ጣሪያውን አየች። ጣሪያው ቆርቆሮ ነው።

ሐሙስ 27

በጥድፊያ። 15ኛውና 16ኛው ቱቦ ወጡ። ሁለቱም ምንም አልጎደላቸውም። ሁለቱም ማግኔት አይደሉም። ምን ተፈጠረ?

በኋላ ገባኝ። እትዬ አዲስ መነጽር አድርጋለች። «ለማንም ሳልናገር ሄጄ ተመረመርኩ» አለች፤ ሳቋ የልጅ ነበር። «ዓለም ለካ እንዲህ ጥርት ያለች ናት! ፊትህም ለካ እንዲህ ተጨማዷል!» የደፈነችው አፍ ላይ እንከን አይወጣም፣ እንደ እንባ ጠብታ ነው።

ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር።

ዶክተር ቶሎ ደግሞ ብቅ ብለው፣ «ገምጋሚዎቹ የድሮውን ናሙና አይፈልጉም። አዲስ ቱቦ ፊታቸው ተሰብሮ ማየት ይፈልጋሉ። ችግር የለም አይደል?» አሉ። «ምንም ችግር የለም» አልኩ።

ቅዳሜ 29

ሰው የለም። ቅዳሜ ማንም አይመጣም። እትዬ ትናንት የደፈነችውን 17ኛውን ቱቦ በጨርቅ ይዤ መስኮቱ ጋ ተቀመጥኩ። የአልማዝ መሰርሰሪያዋ ከመርፌ ትቀጥናለች። ብርሃኑ ጥሩ ነበር።

አንድ ቀዳዳ ብቻ ነው። ሰዓት አልወሰደም።

አየር ስለገባ መልሼ በፓምፕ አወጣሁት፤ ቀዳዳዋን በቀጭኑ በሸክላ ማጣበቂያ ለበጥኳት። ሲግል ማጣበቂያው እንደሚሰነጠቅ አውቃለሁ። እንዲሰነጠቅ ነው። ሁለተኛው ምድጃ ውስጥ ከተትኩት።

የእሷን ሥራ ነው የበሳሁት።

ሚጡ በዚህ ሳምንት እንዳትመጣ ለባለቤቴ ልነግራት ነው። «ለምን?» ትለኛለች። ምን እላታለሁ? ብርድ ነው እላለሁ? የሚሞቀው እኮ እሱ ክፍል ነው።

ሰኞ 1

አልነገርኳትም። ዛሬ ሚጡ መጣች።

እትዬን፣ «ሦስት ቀን ዕረፍት ውሰጂ፣ ደክሞሻል» አልኳት። «ገምጋሚ ሊመጣ ሦስት ቀን ሲቀረው? ምድጃውን ለማን ትቼ?» አለች። ወንበሯን ጭራሽ አስጠግታ ተቀመጠች። ሚጡ ራሷን ጭኗ ላይ አድርጋ እንቅልፍ ወስዷታል።

እኔ ካለፈው ሳምንት የቀረ መለኪያ ነበረኝ። መምጠጫውን አጠፋሁ።

ስወጣ እትዬ በዝግታ፣ «ይሄኛው ቱቦ ደህና ነው አይደል?» አለችኝ። «በአዲሱ መነጽር የደፈንኩት ነው፤ ልቤ ሞልቷል፤ ግን ካንተ ልስማው ብዬ ነው።»

«ከሁሉም ይበልጣል» አልኳት።

ረቡዕ 3

ቱቦው ወጣ። መዘንኩት። አራት መቶ ሃያ ጎድሏል። አረንጓዴውን ጠረግኩ። እትዬ አስላት፤ መሐረቧን ቶሎ ብላ ኪሷ ከተተች። ምን ነበረበት? አልጠየቅኩም።

ሐሙስ 4

አለፈ።

ሦስት ሆነው መጡ። ቱቦውን ፊታቸው ሰበርኩት። ማግኔቱን በክር አንጠልጥዬ ናሙናውን ሳስጠጋው እየበረረ ሄዶ ተጣበቀ፤ ሃምሳ ዲግሪ እስኪሞቅ ድረስ አልለቀቀም። አጨበጨቡ። ዶክተር ቶሎ በሕይወታቸው ለመጀመሪያ ጊዜ ሳይቸኩሉ ጨበጡኝ።

ከገምጋሚዎቹ አንዷ ሽበታም ሴት ናቸው፤ ብዙም አልተናገሩም። ሊወጡ ሲሉ እትዬ አጠገብ ቆም ብለው፣ «እዚህ ነጭ ሽንኩርት የበላው ማን ነው?» አሉ። ሰው ሁሉ ሳቀ። እትዬም እጇን አፏ ላይ አድርጋ ሳቀች። እኔም ሳቅኩ። ሴትየዋ ግን አልሳቁም። ግድግዳው ላይ የተሰቀለውን የእኔን ካፖርት ዝም ብለው ሲያዩ ነበር።

ዓርብ 5

ዛሬ ባለቤቴ ዕረፍት ነበረች። ስገባ ሚጡን መታጠቢያው ጋ አቁማ ጥርሷን ታጥባታለች።

«ና እስኪ፣ ይቺን ልጅ አሽትታት» አለችኝ። «ሁለተኛዬ ነው ሳጥባት። እህትህ ምንድን ነው የምታበላት?»

ሚጡ ጨዋታው አስደስቷታል። ጫማዬ ላይ ወጥታ፣ አንገቴን ይዛ ጎተተችኝና አፏን በሰፊው ከፍታ፣ «ሃ!» አለችኝ።

የጥርስ ሳሙና ሸተተኝ። ከሥሩ ደግሞ ሌላው።

ወለሉ ላይ ቁጭ አልኩ። ባለቤቴ፣ «ምን ሆንክ? አንተ! ምን ሆነሃል?» እያለች ትጠራኛለች። ሚጡ ሳቋን ትታ፣ «አባዬ፣ እኔ ምንም አልበላሁም» አለች። እንደተቆጣኋት መስሏት።

«አልበላሽም፤ አንቺ አይደለሽም» አልኳት። «እትዬም አይደለችም። እኔ ነኝ።» ከዚያ ለባለቤቴ ሁሉንም ነገርኳት፤ ቀዳዳውን፣ መምጠጫውን፣ ነጩን አቧራ፣ መሰርሰሪያውን። ስጨርስ የልጅቷን ጫማ አደረገችላት፣ ቦርሳዋን አንሥታ ወደ ሆስፒታል ይዛት ሄደች። «ልከተላችሁ?» ስላት፣ «አንተ ወደ እህትህ ሂድ» አለችኝ።

ቅዳሜ 6

የሚጡ ደም ተወስዷል። ውጤቱ ሰኞ ነው። እትዬን አስተኝተዋታል፤ ሳንባዋ ነው ይላሉ፤ ሐኪሙ «ስንት ሳምንት ነው የተነፈሰችው?» ብሎ ሲጠይቀኝ በጣቶቼ መቁጠር ያዝኩ።

ለዶክተር ቶሎ ስልክ ደውዬ ናሙናው የወጣው ከተበሳ ቱቦ እንደሆነ፣ የሥራ ደብተሩም ሐሰት እንደሆነ ነገርኳቸው። ለመጀመሪያ ጊዜ «ቶሎ» አላሉም። ስልኩን ዘጉት።

ትናንት እትዬ ቤት ስደርስ በሩን የከፈተችልኝ አዲሱን መነጽር አድርጋ ነበር። እዚያው ደጃፍ ላይ ቆሜ ነገርኳት። ስለ ሚጡ ስነግራት ግድግዳውን ያዘች። ትመታኛለች ብዬ ነበር፤ ብትመታኝ ይሻለኝ ነበር። መነጽሯን አውልቃ በሻርፗ ጫፍ ጠረገች፣ መልሳ አደረገችው፣ ፊቴን አየችና እንዲህ አለች፦

«እኔ እኮ ጠይቄህ ነበር።»

አሁን ሆስፒታል ኮሪደር ላይ ተቀምጬ ይሄን ደብተር ወደ ኋላ ገለጥኩት። ማክሰኞ 11። እሑድ 23። ሰኞ 1።

ሦስት ጊዜ ነው የጠየቀችኝ።